የሁለት ሰው መስታወት

የሰፈሩ ሰው «ጋሽ ቀስ» ይለዋል። ቅጽል ስሙ ከጠባዩ የመጣ አይደለም፤ እንዲያውም ቁርሱን ቆሞ የሚበላ፣ መንገድ ሲሻገርም መኪና የማይጠብቅ ችኩል ሰው ነው። ስሙን ያወጣለት ሥራው ነው። መስታወት ቆራጭና ገጣሚ ነው፤ ትልቅ መስታወት ተሸክሞ ሲያልፍ ከኋላ ሆኖ «ቀስ… ቀስ… ቀስ» እያለ ስለሚሄድ ሰፈርተኛው ከማየቱ በፊት ይሰማዋል። ኳስ የሚጫወቱ ልጆች እንኳ ኳሱን በእግራቸው ረግጠው መንገድ ይለቁለታል። ይህም ከጨዋነት ብቻ አይምሰላችሁ፤ እስከ ዛሬ የሰበሩትን መስኮት ሁሉ የጠገነው እሱ ስለሆነ አንድ በአንድ በዓይን ያውቃቸዋል።

ሱቁ በዳቦ ቤትና በጫማ ጠጋኝ መሃል የተሰነቀረች ጠባብ ክፍል ናት። መስታወቶቹ በቁመታቸው ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። መሃል ላይ አሮጌ ብርድ ልብስ የለበሰ ጠረጴዛ አለ፤ እሱ ላይ ሜትሩ፣ ማስመሪያውና መቁረጫው ይቀመጣሉ። ብርድ ልብሱ ለእሱና ለሚስቱ በሠርጋቸው ቀን የተሰጠ ነው። ሚስቱ በሕይወት ሳለች ለሚመጣው ደንበኛ ሁሉ «እኔን በብርድ አስተኝቶ መስታወቱን ያለብሳል» እያለች ትከስሰው ነበር።

በአንዳንድ ቤት አንዱ ያበስላል፣ ሌላው ያጥባል። እነሱ ቤት ደግሞ እሷ ታወራለች፣ እሱ ይሰማል። በሥራ ክፍፍሉ ሁለቱም ደስተኞች ነበሩ። ከዚያ ሴትየዋ ታመመች፤ ሕመሙም ሌላውን ሁሉ ከመውሰዱ በፊት ድምጿን ወሰደ። ከሞተች ሁለት ዓመት ሆኗታል።

ከቀብር በኋላ ለቅሶ ደራሹ ተበትኖ ሲያልቅ አባትና ልጅ ተፋጠው ቀሩ። ወሬውን ማን ይጀምር? እሱ ልጅቷን እንዳላስለቅሳት ብሎ ዝም አለ። እሷም አባቷ እንዳይከፋው ብላ ዝም አለች። ሳይነጋገሩ ሆድ ይፍጀው ላይ ተስማሙ፤ ስምምነቱም ቤቱን እንደ ክረምት ብርድ ቀስ እያለ ሞላው። «ብላ።» «በቃኝ።» «በሩን ቆለፍሽው?» «አዎ።» ከዚህ የሚያልፍ ነገር አልነበረም።

ልጅቷን ሁሉም ሰው «ሚጣ» ይላታል። ዕድሜዋ አስራ ስድስት ነው፣ በቁመት አባቷን አልፋዋለች፣ ግን ሚጣነቱ አልለቀቃትም። ከቀብሩ ብዙም ሳይቆይ፣ የአባቷ ረዳት የራሱን ሱቅ ከፍቶ የወጣ ሰሞን፣ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስትመለስ፣ ጋሽ ቀስ ብቻውን ከአንድ ትልቅ መስታወት ጋር ሲታገል አገኘችው። ደብተሯን አስቀመጠች፣ ዩኒፎርሟን ሳትቀይር ጓንቱን አጠለቀች፣ የመስታወቱን የፊት ጫፍ ያዘች። እሱም የኋላውን ያዘ።

ትልቅ መስታወት የሁለት ሰው ሥራ ነው። ከፊት ያለው መንገዱን ያያል፣ ያየውንም ጮክ ብሎ ይናገራል፤ ደረጃ፣ ጉድጓድ፣ በር፣ ውሻ። ከኋላ ያለው ክብደቱን ይችላል፣ እርምጃውንም ይመጥናል። ዝም ያለ ሰው መስታወት አይሸከምም፤ ዝም ካለ ወይ መስታወቱ ይሰበራል ወይ ሰው ይቆረጣል። እናም እነዚህ ሁለት ዝምተኞች መስታወት በያዙ ቁጥር የግዳቸውን አፋቸውን ከፈቱ።

መጀመሪያ የሥራው ቃል ብቻ ነበር። ውሎ አድሮ ግን በሥራው ቃል መሃል ሌላ ሌላ ነገር ሾልኮ ይገባ ጀመር።

«ጉድጓድ በግራ» ትላለች።

«ቀስ። ፈተናው እንዴት ነበር?»

«ደህና ነው። ሒሳቡ ግን አፈር አስጋጠኝ። ደረጃ አለ።»

«ቀስ። ምኑ ነው የከበደሽ?»

«ሁሉም። አባዬ፣ በር ነው፣ ዝቅ አድርገው።»

እጅ ሲታሰር አፍ ይፈታል መሰለኝ። ወይ ደግሞ እሷ ፊቷን ወደ መንገዱ አዙራ፣ እሱም ጀርባዋን እያየ ስለሚሄድ፣ ዓይን ለዓይን ስለማይተያዩ ይሆናል። ብቻ በዚህ ዓይነት የጓደኞቿን ጠብ፣ የጥርስ ሕመሟን፣ አንድ መምህር ያስለቀሳትን ቀን ሁሉ ሰማ። መስታወቱ ፍሬሙ ውስጥ ገብቶ ዳሩ የሲሊኮን ማጣበቂያ ሲቀባ ወሬውም አብሮ ይዘጋል። ሁለቱም ባዶ እጃቸውን፣ ጎን ለጎን፣ እንደማይተዋወቅ መንገደኛ ዝም ብለው ይመለሳሉ። ጋሽ ቀስ ግን ይህን ልብ አላለውም። ሰው ሲጠይቀው «ከልጄ ጋር ቀኑን ሙሉ ስናወራ ነው የምንውለው» ይል ነበር፤ ሲልም ከልቡ ነው።

ትምህርት ሊዘጋ ሲል አንዲት ወጣት ሱቁ መጣች። ቲሸርቷ ላይ የወጣቶች ማዕከሉ አርማ አለ። የክረምቱ የበጎ ፈቃድ ፕሮግራም አስተባባሪ ነኝ አለችው። ልጆቹ ክረምቱን ሌላ ከተማ፣ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ እያደሩ፣ ጠዋት ጠዋት ጧሪ የሌላቸውን አዛውንቶች ቤት ይጠግናሉ፤ ከሰዓት ደግሞ ኳሱ፣ ዋናው፣ ቴአትሩ አለ። ለመስኮቶቹ የሚሆን ትናንሽ መስታወት እንዲቆርጥላት ልኬቱን ይዛ መጥታለች። ጋሽ ቀስ አንድ መስታወት አንሥቶ ጠረጴዛው ላይ አጋደመና ማስመሪያውን አሳርፎ መቁረጥ ጀመረ።

«ጋሼ፣ ቅር አይበልዎትና በልጅዎ ጉዳይ ደግመው ቢያስቡበት» አለች አስተባባሪዋ።

«በምን ጉዳይ?»

«በጉዞው ነዋ። መስኮት መግጠም የምትችል ልጅ ከየት እናመጣለን? ደግሞ ስንነግራት ዓይኗ እንዴት እንደበራ ቢያዩ። ኋላ ‹አባቴ አልፈቀደልኝም› ስትለኝ እኔም አዘንኩ።»

መቁረጫው ቆመ። መስታወት ቆራጭ አንዴ መስመር ከጀመረ እስከ ጫፍ ይዘልቀዋል እንጂ መሃል ላይ አይቆምም፤ ይህን ጀማሪም ያውቀዋል። ጋሽ ቀስ ግን ቆመ፣ መስታወቱም ተበላሸ። ስለ ጉዞ የሚባል ነገር የሰማው ገና አሁን ነው። እንዲህ ብሎ መናገር ሲችል የልጁን ስም በባዳ ፊት ማጉደፍ አልሆነለትም።

«አስብበታለሁ፣ ልጄ» አለና ሌላ መስታወት አነሣ።

ወጣቷ ስትሄድ ነገሩን ያመላልሰው ጀመር። ሳይከለክል ከልካይ ተብሏል። ለምን? ከሌሎች ልጆች ጋር መዋል ፈርታ ነው? ወይስ አባቷን እንደ ክፉ ሰው ቆጥራ ሳትጠይቀው ተስፋ ቆርጣ? ከሁሉ የባሰው ግን ሌላ ነበር። ቅሬታው ሥር፣ ጠለቅ ብሎ፣ «እንኳን አልሄደች» የሚል እፎይታ ተቀምጦ አገኘው። ያለ እሷ ያንን ቤት ምን ሊያደርገው ነው? በእፎይታው አፈረና ሱቁን ዘግቶ ታላቅ እህቱ ዘንድ ሄደ።

እህቱ ጸጉር ሠሪ ናት። አንዲት ደንበኛዋን ጸጉር ማድረቂያ ካስክ ውስጥ አስገብታ ሻይ እየጠጣች ነበር። ነገሩን ሁሉ ሰማችው፤ እሷ ሰው ስታደምጥ ዓይኗን ጨፍና ነው።

«ታዲያ ልጅቷን ለምን አትጠይቃትም?» አለችው።

«እጠይቃታለሁ።»

«መቼ?»

«ሐሙስ። ሐሙስ ትልቅ መስታወት አለን።»

እህቱ ዓይኗን ገለጠች። ብርጭቆዋን አስቀመጠች።

«ልጅህን አንድ ነገር ለመጠየቅ መስታወት እስኪመጣ ትጠብቃለህ?»

ጋሽ ቀስ የተናገረውን ገና አሁን መስማቱ ነበር።

«እትዬ፣ እኔ እኮ ዱሮም ወሬ አልችልም። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ?»

«እሱ የሚባለው ለነገረኛ ነው። ልጅ ግን በዝምታ ትነቅዛለች።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ስማኝ ወንድሜ፣ የሞተችው ሚስትህ ናት እንጂ ምላስህ አይደለም።»

ካስክ ውስጥ ያለችው ሴት ያልሰማች መስላ መጽሔቷን ገለጠች። እሱ አንገቱን ደፍቶ ወጣ። በዚያ ምሽት እራት ላይ ሊጠይቃት ሞከረ፤ የጠየቃት ግን ጨው ነበር። በማግስቱም እንዲሁ። ሲያፍርም ሲናደድም ሐሙስ ደረሰ።

የሐሙሱ መስታወት የአንዲት ልብስ ሰፊ ነበር፤ ሥራ ቤቷ ፎቅ ላይ፣ ሦስተኛው ደርብ ነው። ደረጃው ጠባብ፣ ጨለምለም ያለ፣ መደገፊያው የላላ። ሚጣ ከፊት፣ እሱ ከታች። ክብደቱ ሁሉ ወደ እሱ ያዘነብላል።

«ደረጃ ጀመረ» አለች።

«ቀስ።» ጥቂት ወጡ። «ሚጣ፣ የማዕከሉ ልጅ ሱቅ መጥታ ነበር።»

ጀርባዋ ብቻ ይታየዋል። እርምጃዋ አልተሳሳተም።

«መታጠፊያ ነው። ወደ ግራ ስበው።»

«ቀስ። እኔ መች ከለከልኩሽ?»

«አልከለከልከኝም።»

«ታዲያ ለምን ዋሸሽብኝ?»

«ደረጃ አለ።» ትንፋሿ ይሰማዋል። «አባዬ፣ ስንደርስ ልንገርህ።»

«ስንደርስ አትነግሪኝም» አለ። «አሁን ንገሪኝ።»

ይህ እውነት መሆኑን ሁለቱም ያውቁታል። መታጠፊያው ላይ መስታወቱን እግራቸው ላይ አሳርፈው ቆሙ። እሷ ወደ ኋላ አልዞረችም።

«አንተ የምታናግረኝ መስታወት ስንይዝ ብቻ ነው» አለች። ድምጿ ቁጣ የለበትም፤ ዋጋ እንደሚጠይቅ ሰው ረጋ ያለ ነው። «እቤት አናወራም። መንገድ ላይም ስንመለስ አናወራም። ከሄድኩ ሰው ትቀጥራለህ። እሱ ጎበዝ ከሆነ ስመለስም ይቀጥላል። ያኔ እኔና አንተ ምን ይተርፈናል?»

ጋሽ ቀስ ልጄን ሥራ አስተማርኳት፣ ብርቱ አደረግኳት ብሎ ሲኮራ ልጁ ለካ ሥራውን የያዘችው አባቷን ለማግኘት ነው።

«አንሣው፣ እጄ ዛለ» አለች። አነሡት።

ልብስ ሰፊዋ በሩን በሰፊው ከፍታ ተቀበለቻቸው። መስታወቱ ፍሬሙ ውስጥ ሲገባ ክፍሉ ወለል ብሎ በራ። ሴትየዋ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ተደሰተች።

«እኔማ በሁለት ተከፍሎ ይግባልኝ ብዬ ነበር፣ እንዲህ ፎቅ ድረስ ከምትለፉ። ልጅዎ ናት ‹አንድ ወጥ ሲሆን ነው የሚያምረው› ብላ ያሳመነችኝ። እንዴት ያለ ዓይን ሰጥቷታል እባክዎ።»

ጋሽ ቀስ ወደ ልጁ ዞረ። ሚጣ ሲሊኮኑን ጥግ ላይ እየቀባች ፊቷን ደበቀች። በሁለት ቢከፈል እያንዳንዱን አንድ ሰው በብብቱ ይዞት ይወጣ ነበር። ከዚያ በፊት የሠሩት ሁሉ አንድ በአንድ መጣበት። ፎቶ ቤቱ፣ ፋርማሲው፣ የዳቦ ቤቱ የፊት መስታወት፤ ለሁሉም በሁለት ይሁን ሲባል አንድ ወጥ ይሻላል ያለችው ሚጣ ናት። እሱም የልጅቷ ዓይን ውበት ያውቃል ብሎ ይኩራራ ነበር።

የራሱም ጉድ ቀጥሎ መጣበት። ማንም ገጣሚ እምቢ የሚለውን የሦስተኛና የአራተኛ ደርብ ሥራ ዋጋ እየቀነሰ የሚወስደው እሱ ነው። ወገቡ እየተቆረጠ ለምን እንደሚወስደው ራሱን ጠይቆ አያውቅም። አሁን ግን ገባው። ደረጃው በረዘመ ቁጥር ወሬው ይረዝማል። ሁለት ዓመት ሙሉ አባትና ልጅ፣ አንዱ ከሌላው ተደብቆ፣ መንገዱን ሲያስረዝሙ ኖረዋል።

ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። እንደ ልማዳቸው ዝም እንዳሉ።

እቤት ሚጣ ሾርባ አሞቀች፣ እሱ ዳቦ ቆረሰ። ገና አልመሸም፤ በመስኮቱ የጎረቤት ልጆች ጫጫታ ይገባል። ፊት ለፊት ተቀመጡ። ጋሽ ቀስ እጆቹን የት እንደሚያደርጋቸው ጠፋው፤ አንዴ ጠረጴዛው ላይ፣ አንዴ ጉልበቱ ላይ አደረጋቸው።

«ሾርባው ጥሩ ነው» አለ።

«የትናንቱ ነው።»

«ትናንትም ጥሩ ነበር።»

ሚጣ ማንኪያዋን ይዛ ቀና አለች። ያመመው መስሏት ፊቱን አጠናች።

«ለአስተባባሪዋ ትሄዳለች ልላት ነው።»

«ለምን እንደማልሄድ ነገርኩህ እኮ፣ አባዬ።»

«ሰምቻለሁ።» ሊነግራት ያሰበው ስለ ጉዞው ነበር፤ አዲስ ነገር ማየት ለወጣት ጥሩ ነው፣ ምናምን። የወጣው ግን ሌላ ሆነ። «ሚጣ፣ እናትሽ ናፈቀችኝ።»

ከቀብሩ ወዲህ በዚያ ጠረጴዛ ላይ «እናትሽ» የሚለው ቃል ተነሥቶ አያውቅም ነበር። ሚጣ ወዲያው አላለቀሰችም። ማንኪያውን ቀስ ብላ አስቀመጠችው።

«እኔ ደግሞ ድምጿ እየጠፋብኝ ነው» አለች። «ፊቷን ፎቶ ላይ አየዋለሁ። ድምጿን ግን… ሌሊት ሌሊት ላስታውሰው እሞክርና ሌላ ሰው ይሆንብኛል። ልጠይቅህ ፈልጌ ነበር። መስታወት ይዘን ደግሞ ስለ እሷ ብጠይቅህ እንዳትጥለው ፈራሁ።»

ጋሽ ቀስ ሳህኑን ገፋ አደረገ።

«ስትናደድብኝ አንቱ ትለኝ ነበር» አለ። «ታስታውሺያለሽ? በሩ ላይ ቆማ፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ…» ድምጹን አቀጠነ፤ ያ ወፍራም ሰውዬ፣ ያ ሸካራ ድምጽ። «‹ጌታው፣ አንቱ ከመቼ ወዲህ ነው በጫማ አልጋ ላይ የሚወጡት? ባለሟል እስኪያወልቅልዎ እየጠበቁ ነው?›»

ሚጣ ሳቀች። ሳቋ መሃል ላይ ተሰበረና ለቅሶ ሆነ። እሱም አለቀሰ። ሁለት ዓመት አንዱ ሌላውን ላለማስለቀስ የቆጠቡትን ፊት ለፊት እየተያዩ አለቀሱት። ሾርባው ቀዘቀዘ። እሱ ያስታወሰውን ሁሉ እየተደናቀፈ ነገራት፤ እናቷ ገበያ ላይ ስትከራከር፣ ስትዘፍን ዜማ ስትስት፣ እሷን ስታስተኛ በሹክሹክታ የምትለውን። እሷም «አዎ፣ እሱ ነው፣ እንደሱ ነው ድምጿ» ትለዋለች። አንዳንዱን እየደጋገመች አስወራችው።

ሲጨርሱ ፊቷን በእጅጌዋ ጠረገች።

«ብሄድ እንዲህ ታወራኛለህ?»

አዎ ማለት ቀላል ነበር። ጋሽ ቀስ ግን ልጁን መሸንገል አልፈለገም።

«እንጃ» አለ። «አልችልበትም። ግን እሞክራለሁ።»

ሚጣ ሄደች። የድሮ ረዳቱ ከባድ ከባዱን ሥራ ሊያግዘው ተስማማ፤ ረዳትየው መስታወት ሲይዝ ስለ ኳስ ብቻ ነው የሚያወራው። ልጆቹን የጫነው አውቶቡስ በጠዋት ሲነሣ ጋሽ ቀስ ከሌሎቹ ወላጆች ጋር ቆሞ እጁን አወዛወዘ። ለሚጣ «ራስሽን ጠብቂ» ብቻ ነበር ያላት።

በዚያው ቀን አመሻሹ ላይ ጠረጴዛው አጠገብ ብቻውን ተቀመጠ። ስልክ ለእሱ የሥራ ዕቃ ነው፤ ልኬት ይቀበልበታል፣ አድራሻ ይጠይቅበታል፣ ይዘጋዋል። በዕድሜው ሙሉ ጉዳይ ሳይኖረው ለሰው ደውሎ አያውቅም። ስልኩን አነሣ፣ አስቀመጠ፣ ደግሞ አነሣ። በመጨረሻ ደወለላት።

«አባዬ?» አለች ሚጣ ገና ከመጥራቱ። ከኋላዋ የልጆች ሳቅ ይሰማል። «ምን ሆንክ? መስታወት ቆረጠህ?»

«አልቆረጠኝም።»

«ሰው ታመመ?»

«ሁሉም ደህና ነው።»

«ታዲያ ለምን ደወልክ?»

«ላወራሽ» አለ።

ከዚያ በኋላ የሚለው ጠፋው። ሚጣ ልትረዳው ትችል ነበር፤ አንድ ነገር ጠይቃ፣ ስለ ውሎዋ ነግራ። አልረዳችውም። የልጆቹ ሳቅ ከኋላዋ እየራቀ ሲሄድ ሰማ፤ ጸጥ ያለ ቦታ ፈልጋ ልትቀመጥ ነው። ቀጥሎ በር ሲዘጋ ሰማ።

«እየሰማሁህ ነው፣ አባዬ» አለችው።

ጋሽ ቀስ ዓይኑን ጨፈነ፤ ምን እንደሚል ሳያውቅም መናገር ጀመረ።